የቅዳሜው ሳህን

ታንጊ የሞተው ዓይኑ ፈጦ፣ ሁሉን እየሰማ ነው። እንዲህ ያለውን አሟሟት ለጠላትም አይመኙት። ቅዳሜ ምሳውን በእርሻው ገበታ ከደንበኞቹ መካከል ተቀምጦ ኦይስተሩን፣ ያንን በዛጎል ውስጥ የሚኖር የባሕር ፍጥረት፣ በሎሚ ሲመጥ፣ ነጭ ወይኑን ሲጎነጭ፣ ሲሳደብ፣ ሲስቅ ዋለ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ከንፈሬ ደነዘዘ» አለ። አስር ሰዓት ላይ ብርጭቆው ከእጁ ወደቀ። አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን ከመጋዘኑ ጀርባ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ እንደተጋደመ ትንፋሹ ቆመ። ሰባ አንድ ዓመቱ ነበር፤ በፖርዝ ሌናን ባሕር ዳር ከእርሱ የበረታ ሽማግሌ አልነበረም።

ኢንስፔክተር ሷዚግ ስትደርስ ሬሳው የጀልባ ሸራ ተከናንቧል። ዶክተር ማዜ ጓንቱን እያወለቀ ወደ እርሷ መጣ።

«የባሕር መርዝ ነው» አላት። «በዓይን የማይታይ ነገር ውሃው ውስጥ ይራባል። ኦይስተር ያንን ይበላል፣ ሰው ኦይስተሩን ይበላል። ኦይስተሩ ምንም አይሆንም፤ የሰውየው ጡንቻ ግን አንድ በአንድ ይተኛል። መጨረሻ ላይ መተንፈሻው።»

«ሽታ አለው?»

«ሽታም፣ ቀለምም፣ ጣዕምም የለውም። ለዚህ አይደል ከሰኞ ጀምሮ ከማዶ ያለውን የወንዙን አፍ ኦይስተር እንዳይወጣበት ያገዱት።»

ሷዚግ የኦይስተር ገበሬ ልጅ ናት። ሃምሳ ሰባት ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል፣ ቢሆንም ሥራ ላይ ሆና ስትቀመጥ ያያት የለም። ከጉብታው ማዶ፣ በወንዙ አፍ ያለው እርሻ የጉልቨን ብቻ እንደሆነ ታውቃለች፤ ጉልቨንና ታንጊ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅዳሜን አብረው የበሉ ጓደኛሞች መሆናቸውንም አገር ያውቃል። እያንዳንዱ ከራሱ እርሻ ደርዘን ኦይስተር ያመጣል፤ ዓይናቸውን ጨፍነው እያፈራረቁ ይቀምሳሉ፤ ከዚያ አንዱ የሌላውን «ጭቃ ነው»፣ «የሳሙና ውሃ ነው» እያለ ሲያጣጥለው ይውላል። ደንበኛው ግማሹ የሚመጣው ለስድቡ ነበር።

የታንጊን ልጅ ብሌዌንን ኦይስተሩ እስኪሸጥ በሚቆይባቸው ገንዳዎች አጠገብ አገኘቻት። የጎማ ሽርጧን እንኳ አላወለቀችም።

«እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች ብሌዌን፣ ገና ሳትጠየቅ። «ሁለት ደርዘን ከዚህ ገንዳ አውጥቼ፣ በእጄ ከፍቼ፣ በእጄ አቀረብኩለት።»

«ከዚሁ ገንዳ ዛሬ ስንት ሰው በላ?»

«አርባ አንድ።»

«ስንቱ ታመመ?»

«እስካሁን ማንም። ግን ማን ያውቃል፣ ሌሊት ይጀምራቸው ይሆናላ።»

«እሺ ልጄ፣ እንየው። ከአባትሽ ጋር ማን ነበር?»

«አጎቴ ጉልቨን። የሥጋ ዘመዴ አይደለም፣ እንዲያው ስጠራው ነው። የእሱ እርሻ ስለታገደ ዳቦና ቅቤ ብቻ ይዞ መጣ።» ብሌዌን አፍንጫዋን በክርኗ ጠረገች። «አባቴ ደስ ብሎት ነበር። "ዛሬስ በለጥከኝ" ሲለው ሰማሁ። በሠላሳ ዓመት ብሎት አያውቅም። ለዳቦው መሰለኝ።»

«ሌላስ?»

የብሌዌን ድምፅ ተሰበረ። «ተቆጥቶኝ ነው የሞተው። በጠረጴዛው በኩል ሳልፍ ከሳህኑ አንዷን ላነሳ እጄን ሰደድኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ከሳህኑ እሰርቃለሁ፣ ይስቃል። ዛሬ እጄን በጥፊ መታኝ። "ሂጂ፣ ሰው ይጠብቅሻል" አለኝ። አባቴ ለመጨረሻ ጊዜ የነካኝ እንደዚያ አድርጎ ነው።»

ሷዚግ የብሌዌንን ትከሻ ይዛ ትንሽ ቆመችና ወደ ሎይክ ሄደች።

ሎይክ የብሌዌን ባል ነው፤ ጀልባውን የሚነዳው እሱ ነው። ሐሙስ ማታ ከአማቱ ጋር ሲጯጯሁ ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል። በዚያ ላይ መጋዘኑ በር ላይ የቆመው ቦቲው እስከ ጉልበቱ በደረቀ ጥቁር ጭቃ ተለውሷል። የታንጊ እርሻ አሸዋ ነው፤ ጥቁር ጭቃ ያለው በወንዙ አፍ ብቻ ነው።

«የታገደው እርሻ ምን አደረሰህ?» አለችው።

«ዓሣ ላጠምድ ነበር።»

«ባሕሩ ሸሽቶ፣ በባዶ ጭቃ ላይ?»

«እንግዲህ ሄድኩ፣ ሄድኩ ነው። ምን ላድርግ?»

«ከአማትህስ በምን ተጣላችሁ?»

«በቤተሰብ ጉዳይ። እርስዎ ቤት ጠብ የለም?»

«እኔ ቤት ሰው አልሞተም» አለች ሷዚግ። ሎይክ መሬት መሬት እያየ ቀረ። ዋሽቶ የማያውቅ ሰው ሲዋሽ ያስታውቃል፤ ጆሮው ቀልቶ ነበር።

እሑድ ጠዋት አርባ አንዱም ደንበኞች ደህና ነበሩ። እርሻው ግን ታሽጓል፤ የገንዳው ውሃ እስኪመረመር አንድ ኦይስተር እንዳይወጣ ታዟል። ሰፈሩም ሁለት ተከፍሏል። ግማሹ «ልጅቱ ናት፣ ገንዳውን አላጠበችም» ይላል፤ ግማሹ «አማቹ ነው» ይላል። ወሬ ቀረጥ አይከፈልበትም።

ሷዚግ ብሌዌን ዘንድ ስትገባ ጉልቨንን እዚያው አገኘችው። ትልቅ ሰው ነው፣ ትከሻው የበር ያህል። የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ድሮ የጀልባ ገመድ መጠቅለያ ወስዶበታል፤ ስኒውን በአውራ ጣቱና በቀሩት ሁለቱ ቆንጥሮ ይዟል። ብሌዌን ራሷን ደረቱ ላይ ጥላ ታለቅሳለች።

«አይዞሽ ልጄ» ይላታል። «የእግዜር ነገር ነው። አይዞሽ።»

«ቅዳሜ ምን ይዘው መጡ?» ስትል ጠየቀችው ሷዚግ።

«ዳቦና ቅቤ። የእኔ ታግዷል፣ ማስታወቂያውን አላነበብሽውም?»

«አንብቤዋለሁ። ምን በሉ?»

«የእሱን። ሌላ ምን አለ?»

ሷዚግ ሌላ አልጠየቀችም። ብሌዌንንና ሎይክን ወደ መክፈቻው ጠረጴዛ ወስዳ እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ኦይስተር እንዲከፍቱላት አደረገች። ሁለቱም ኦይስተሩን በግራ መዳፋቸው አቅፈው ቢላዋውን በጎኑ ሰኩት፤ በዚህ አገር ሁሉም የሚከፍተው እንዲህ ነው። ጠፍጣፋው ክዳን ሲነሳ በስተኋላ ሁለቱን ዛጎሎች የሚያያይዘው ማጠፊያ ምንም አልሆነም። ከዚያ ኢንስፔክተሯ ታንጊ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ሥር ገብታ፣ ያንን የታመመ ጉልበቷን መሬት አስነክታ፣ በደቀቀ ዛጎል የተነጠፈውን መሬት በመዳፏ ስትበረብር ግማሽ ሰዓት ቆየች። ስትወጣ እጇ ላይ ሰባት ክዳኖች ነበሩ።

ባሕሩ በየቀኑ እንደሚያደርገው ከዳሩ ሲሸሽ ደግሞ ብቻዋን ጉብታውን ዞራ ወደ ጉልቨን እርሻ ወረደች። ኦይስተር በመረብ ከረጢት ታስሮ በብረት መደብ ላይ ነው የሚያድገው፤ ከረጢቱ በየሁለት ሳምንቱ ካልተገለበጠ የባሕር አረም ይበላዋል። በመደቦቹ ላይ ካሉት ከረጢቶች እኩሌታው በቅርቡ ተገልብጠዋል፤ አረሙ ከታች ሆኗል። በመጨረሻው መደብ ላይ ግን አንድ ከረጢት መቆለፊያው ተፈትቶ አፉ እንደነገሩ ተጣጥፏል።

ማክሰኞ የምርመራው ውጤት መጣ። ሷዚግ ብሌዌንን፣ ሎይክንና ጉልቨንን ታንጊ በሞተበት ቀን ምሳ በበላበት ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው። ዶክተር ማዜም መጥቶ ጥግ ይዟል። እርሷ እንደ ልማዷ ቆመች።

«ብሌዌን፣ ገንዳሽ ንጹሕ ነው» አለች። «አንድም መርዝ አልተገኘበትም። አባትሽን የገደለው አንቺ ያቀረብሽለት አይደለም።»

ብሌዌን ሁለት እጇን ፊቷ ላይ ጫነች። ሎይክ ጀርባዋን ያሻት ጀመር።

«እንግዲያው ከወንዙ አፍ የመጣ ኦይስተር ቅዳሜ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ነበረ ማለት ነው። ማን አመጣው? ሎይክ፣ ቦቲህ ጭቃ ነው። አሁን እውነቱን ትናገራለህ ወይስ እኔ ልናገር?»

ሎይክ ወደ ጉልቨን አየ፣ መልሶ ወደ ሷዚግ። «ለአባባ ቃል ገብቼ ነበር። የጋሽ ጉልቨን ከረጢቶች ሳይገለበጡ ሊበላሹ ነው፣ በዚያ እጁ ብቻውን አይችለውም፣ ሄደህ ሳያይህ ገልብጥለት አለኝ። ሐሙስ ሄጄ ግማሹን ገለበጥኩ። ማታ "ለምን አንነግረውም፣ ሌባ ልመስል ነው እኮ" ስለው ተናደደ። "ያፍራል፣ አፍህን ያዝ" አለኝ። የተጣላነው በዚህ ነው።»

ጉልቨን ጣት የጎደለውን እጁን ከጠረጴዛው ላይ አወረደ።

«እኔም ያየሁት ይህንኑ ነው» አለች ሷዚግ። «ሥራው ሁለት ጤነኛ እጅ ያለው ሰው ሥራ ነው፣ ከረጢቶቹም ሙሉ ናቸው። የጎደለው አንድ ብቻ ነው፤ እሱንም የፈታው መልሶ መቆለፍ አቅቶታል።» ክዳኖቹን ከኪሷ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ ደረደረቻቸው። «እነዚህ ከዚህ ሥር የተገኙ ናቸው። ብሌዌን የምትከፍተው መክፈቻው ጋ ነው፤ የእሷ ክዳኖች ባልዲ ውስጥ ይቀራሉ እንጂ እዚህ አይመጡም። ደግሞም ሰባቱም ማጠፊያቸው ተሰብሯል። በጎን ለመክፈት ኦይስተሩን በአንድ እጅ ማቀፍ፣ ቢላዋውን በሌላው አጥብቆ መጨበጥ ያስፈልጋል። ጣት የጎደለው ሰው ግን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ፣ ከኋላ ማጠፊያው ላይ ተጭኖ ይፈነቅለዋል። ጉልቨን፣ ጎድጓዳዎቹን ዛጎሎች ሰብስበው ወስደዋል፣ ክዳኖቹ ግን አመለጡዎት። ታንጊም "በለጥከኝ" ያለው ለዳቦ አይደለም።»

ባሕሩ እየተመለሰ ነበር፤ ድምፁ ይሰማል።

«ውሃው ጠርቶ ነበር» አለ ጉልቨን። «ሃምሳ ዓመት ያየሁት ውሃ ነው። በአንድ ወረቀት የተነሳ ባዶ እጄን ልምጣ? ሠላሳ ዓመት ባዶ እጄን መጥቼ አላውቅም። ዓርብ ወርጄ ደርዘን አወጣሁ፣ በዳቦው ቦርሳ ይዤ መጣሁ። ሁለት በላሁ። ሦስተኛውን ሳነሳ ሳህኑን ወደ ራሱ ሳበው። "ለእኔ ተወው፣ ዛሬስ በለጥከኝ" አለኝ። ደስ አለኝ። እግዜር ያሳያችሁ፣ ደስ አለኝ። ሲሞት ነው የገባኝ፤ ዛጎሎቹን ሰብስቤ ሄድኩ። ያን ሌሊት የእኔም ከንፈር ደነዘዘ። አልጋዬ ላይ ተጋድሜ ተራዬን ጠበቅኩ። አልመጣም።»

«ሁለት ስለነበሩ ነው» አለ ዶክተር ማዜ በቀስታ። «አስሩን እሱ በላቸው።»

«ያውቅ ነበር» አለች ሷዚግ። ይህንን ባትናገር በወደደች፤ ግን ልጅቱ መስማት ነበረባት። «ታንጊ ዓይኑን ጨፍኖ የማንን እንደበላ ያውቃል፣ ተሳስቶ አያውቅም። ከወንዙ አፍ እንደመጣ በመጀመሪያው ኦይስተር አውቋል። ሞት አልመሰለውም፤ እናንተ የባሕር ሰዎች ወረቀት አታምኑም፣ ቢበዛ የአንድ ቀን ሆድ ቁርጠት ነው ብሎ ነው። በሰው ፊት ሊያዋርድዎት አልፈለገም። ግን እርስዎን ሦስተኛውን አላስበላዎትም። ልጁንም አንዷን አላስነካትም። ብሌዌን፣ ቁጣ አልነበረም። የመታሽ ለዚህ ነው።»

ብሌዌን እጇን ከፊቷ አወረደች። አላለቀሰችም። ሁሉም እንደምትጮህ ጠብቀው ነበር፤ ድምፅዋ ግን ዝቅ ያለ ነበር።

«እሑድ መጣህ» አለችው ጉልቨንን። «ሰኞ መጣህ። ዛሬም ጠዋት መጣህ። አባቴን ገደልኩት ስልህ ራሴን ደረትህ ላይ አድርገህ አይዞሽ አልከኝ።»

«ልነግርሽ እያልኩ…»

«ሦስት ቀን። ሦስት ቀን አባቴን በእጄ የገደልኩ መስሎኝ አደርኩ፤ አንተ እንባዬን ትጠርግልኛለህ።»

ጉልቨን ተነሳ፤ ያ ሁሉ ትከሻ ተሸማቀቀ። «ነገ ቀብሩ ላይ አልመጣም። በየትኛው ዓይኔ አይሻለሁ። ኢንስፔክተር፣ ውሰጂኝ።»

«ይመጣሉ» አለች ብሌዌን። ሕፃን ሆና አፍ ከፈታች ጀምሮ አንቱ ብላው አታውቅም። «ሬሳውን ከፊት የሚይዙት እርስዎ ነዎት። አባቴ እርስዎን ሰው ፊት ላለማሳፈር ብሎ የበላውን በላ። እኔ እሱ የሠራውን አላፈርስም። ከቀብር በኋላ ግን ወደ እዚህ ገበታ እንዳይመጡ። ደጄንም እንዳይረግጡ።»

«እሺ» አለ ጉልቨን።

ሷዚግ ሕጉ የሚለውን ታውቃለች፤ አንድ ቀን ብትጠብቅ ግን የሚሸሽ ሰው አልነበረም። ማስታወሻ ደብተሯን ዘግታ «ከቀብር በኋላ» አለች።

በማግስቱ ሬሳው ከባሕሩ ዳር ወደ ላይ፣ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲወጣ ዝናብ ያካፋ ነበር። ዳገቱ ረጅም ነው፤ ተሸካሚ በየመንገዱ ይቀያየራል። ጉልቨንን ሦስት ሰው «አምጡ፣ እንተካዎ» ብሎ ጠየቀው፤ ለአንዱም ቦታውን አልለቀቀም። ሳጥኑን ከፊት እንደያዘ፣ ትከሻ ሳይቀይር፣ እስከ ጉድጓዱ አደረሰው። አፈሩ ሲመለስ ባርኔጣውን አድርጎ፣ በመቃብሩ ቅጥር በር እስከቆመችው የሷዚግ መኪና ድረስ ብቻውን ሄዶ ገባ። ብሌዌን የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማች፤ ዞራ አላየችም።