ፊደሉን አጥፍቶ ያስተካከለው ኮምፒውተር

እኔ ሟርት፣ ጠንቋይ፣ መንፈስ የሚባል ወሬ ከልጅነቴ ጀምሮ ሆዴ አይቀበለውም፣ ቤት ውስጥ ኮሽ ካለ «አይጥ ነው» ብዬ ተገላብጬ የምተኛ ሴት ነኝ፣ ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ በኋላ ፈሪ ናት እንዳትሉኝ ነው።

ሐርጌሳ ነበርኩ፣ ከጦርነቱ በኋላ ከተማዋ ገና ስትጠገን፣ ግማሹ ግድግዳ አዲስ ብሎኬት፣ ግማሹ በጥይት እንደተበሳሳ። ጅግጅጋ ያር በሚባለው ሰፈር ውስጥ አንድ የኮምፒውተር ማስተማሪያ ቤት አጸዳ ነበር፣ ኮምፒውተሮቹ ውጭ አገር ሰው ተገልግሎባቸው የጣላቸው አሮጌዎች ናቸው፣ ተማሪዎቹ ለመግሪብ ሶላት ሲወጡ ቁጭ እልና በአንድ ጣት እየለቀምኩ መጻፍ ራሴን አስተማርኩ።

መምህሩን በአገሩ ቋንቋ መዓሊን ነው የምንለው፣ እኛ አገር ተሰዶ ሳለ የለቀማት አማርኛ ነበረችው። አንድ ቀን የሚያወራ ፕሮግራም አሳየኝ።

«ይሄ የድሮ ነው፣ ኮምፒውተር ክፍል ሙሉ ቁም ሳጥን በነበረ ጊዜ የተሠራ። ‹አዝኛለሁ› ስትዪው ‹ለምን አዘንሽ?› ይልሻል። በቀቀን ነው፣ ሌላ የለም። ግን ሰዎች በቀቀን መሆኑን እያወቁ ምስጢራቸውን ይነግሩት ነበር።»

ፕሮግራሙ የሚያውቀው እንግሊዝኛ ብቻ ነው፣ በሌላ ቋንቋ ከጻፋችሁለት «እሺ፣ ቀጥይ» ብሎ በእንግሊዝኛ ይሸኛችኋል።

ዘይነባ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ፣ የድሬዳዋ ልጅ፣ አንድ ክፍል ተከራይተን አብረን የምንኖር፣ ሳቋ ከመንገድ የሚሰማ። በጭነት መኪና ወደ ቦሳሶ ወደብ፣ ከዚያ በጀልባ ወደ የመን ልትሄድ ቆርጣለች፣ ለምኜ ለምኜ ደክሞኛል። ልትነሳ ስትል በዋዜማው መግሪብ ሲባል ሥራ ቦታዬ መጣች።

«ዛሬም ፊትሽን ጥለሻል? ወላሂ አልማዝ፣ አንቺ እኮ ሰው ሳይሞት ድንኳን ትተክያለሽ!»

«ባሕሩ ነዋ ዘይኑዬ፣ ባሕሩ ያስፈራኛል።»

«እስቲ በቀቀንሽን እናማክረው። ‹ዘይነባ ነኝ፣ ባሕር ልሻገር ነው› በይልኝ።»

እየሳቅሁ ጻፍኩላት፣ ያኔ ኮምፒውተሩ ላይ የአማርኛ ፊደል ስላልነበረን በእንግሊዝኛ ፊደል ነው አማርኛ የምንጽፈው። ያ ፕሮግራም መልሱን ሁልጊዜ ሙሉ መስመር በአንዴ ነበር የሚወረውረው፣ ያን ቀን ግን ዝም አለ። ከሳጥኑ ውስጥ ቆሎ እንደሚቆረጥም ጥርስ ቀጭ፣ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ፣ ቆመ። ከዚያ አንዲት ፊደል ወጣች። ቆይታ ሌላዋ። ልክ እኔ ስለምድ በአንድ ጣት እየፈለግሁ እንደምጽፈው፣ አንዱን ፊደል ተሳሳተ፣ ቆመ፣ አጠፋው፣ ትክክለኛውን ጻፈ። በአማርኛ ነው፣ እመኑኝ፦

«ጫማሽ ለምን ረጠበ?»

ሁለታችንም ጎንበስ ብለን ጠረጴዛው ሥር አየን። ዝናብ ከጠፋ ወራት ሆኖታል፣ ጫማዋ አቧራ ብቻ ነው። ወዲያው የሰፈሩ ጄኔሬተር ጠፋና ስክሪኑ ጨለመ።

«አንቺ ነሽ የጻፍሽው!» አለች ዘይነባ።

«በእመብርሃን! እጄ ጭኔ ላይ ነበር፣ አይተሽኛል።»

«እንዳልሄድ ብለሽ! አላህ ይይልሽ።»

በሩን ወርውራ ወጣች፣ ጎህ ሲቀድም ሳታቅፈኝ ሄደች።

መዓሊን ስነግረው ሳቀ፣ ያንኑ ቃል ለፕሮግራሙ ደጋግሞ ጻፈለት፣ «እሺ፣ ቀጥል» ብቻ ነው ያለው። «በቀቀን ፊደል አይሳሳትም» አለኝ መዓሊን። በሳምንቱ ግን ፕሮግራሙን ከሁሉም ኮምፒውተር ላይ ማጥፋቱን አየሁ።

ብዙም ሳይቆይ አብራት የሄደች ልጅ ከየመን፣ ከኤደን ደወለች፣ ጀልባችን በሰላም ገባች አለችኝ፣ እልል ልል አፌን ከፈትኩ።

«ዘይነባን አቅርቢልኛ!»



«ወደ ጀልባው እየገባን ነበር እትዬ አልማዝ፣ ውሃው ገና ቁርጭምጭሚታችን ላይ ነው። ቁልቁል እግሯን አየች። እጄን ለቀቀችና ወደ ዳር ተመለሰች። ብጣራ፣ ብጣራ አልዞረችም።»

ሐርጌሳ አልመጣችም፣ እናቷ ቤት አልደረሰችም፣ ቦሳሶ ውስጥም አየኋት የሚል ሰው አላገኘሁም፣ ስንት ዓመቴ ይኸው ስጠይቅ። ይህን የነገርኳቸው ሰዎች «ሊያድናት ፈልጎ ነው» ብለው ያጽናኑኛል፣ እኔም አንገቴን እነቀንቃለሁ። ግን ከምን ሊያድናት? ጀልባዋ እኮ በሰላም ደርሳለች።