የሾዴ እንሰቶች

ደሳለች በትምህርት ቤቱ የአትክልት ቦታ ጎመኑን አጠጥታ፣ ካሮቱንም አጠጥታ፣ እንሰቶቹ ጋ ስትደርስ ቆመች። አሥራ ሁለት ናቸው፤ በጥቁር ፕላስቲክ የተተከሉ፣ ከጉልበቷ የማያልፉ ችግኞች። ባልዲው ውስጥ የቀረው ውኃ ለሁሉም ይበቃ ነበር። እሷ ግን ዞር ብላ መልሳ ጎመኑ ላይ ደፋችውና በሩን ቆልፋ ወጣች።

«ለዛሬ ብቻ ነው» አለች ለራሷ።

እንሰቶቹ የሾዴ ነበሩ። ሾዴ የአጎቷ የአድነው ልጅ ናት። መስከረም ላይ ከጨንቻ መጥታ ሽሮ ሜዳ እነ ደሳለች ቤት ተቀመጠች፤ ትምህርት ቤትም አብረው አንድ ክፍል ገቡ። መጀመሪያ ደሳለች አዝናላት ነበር። አማርኛዋ ስለሚሰባበር ልጆቹ «ፋራ» ብለው እንዳይስቁባት ከጎኗ አስቀመጠቻት። ለማዘን እንኳ ብዙ ጊዜ አላገኘችም። ሾዴን ሰው ሁሉ ወደዳት።

ከሁሉም የባሰው የደሳለች አባት ነው። አቶ ጌጡ ሸማኔ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲሸምን ከመወርወሪያው ድምፅ በቀር ከእሱ የሚሰማ ነገር የለም። ሾዴ ከመጣች ወዲህ ግን ያወራል። ስለ አገሩ፣ ስለ ማሳው፣ ስለ ዝናቡ፣ በጋሞኛ ያወራል፤ ይስቃል። ደሳለች ጋሞኛ አትሰማም። ልጆቼ በአማርኛ ይደጉልኝ ያለው ራሱ አባቷ ነበር። አንድ ቀን ምን እንዳሳቃቸው ብትጠይቀው ዓይኑን እየጠረገ፣ «ተይው፣ በአማርኛ አያስቅም» አላት። ያ ቃል ውስጧ ገብቶ ቀረ።

ቀጥሎ ደግሞ ክበቡ መጣ። ደሳለች የግብርና ክበብ ሊቀመንበር ከሆነች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። መምህርት ምሥራቅ፣ አንድ ቤተሰብ በትንሽ ማሳ እንዴት ኑሮውን ሊያቆም ይችላል ብላ ስትጠይቅ ደሳለች ከኢንተርኔት የጻፈችውን ሁለት ገጽ አነበበች። ሾዴ ግን ተነሥታ በዚያ በሚሰባበር አማርኛዋ የአባቷን ሥራ ተረከች። አጠውልግ የሚባለው በሽታ የመንደሩን እንሰት ሲጨርስ አባቷ ሳይሞቱ የቀሩትን እየለየ፣ ከእነሱ ብቻ እያራባ ስምንት ዓመት ደክሟል። ከጨንቻ ይዛቸው የመጣችው አሥራ ሁለቱ ችግኞች የዚያ ዘር ናቸው። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሰማት። መምህርቷም ከጉለሌ የእጽዋት ማዕከል አንድ ባለሙያ ጋብዛ፣ ከሰሚስተሩ እረፍት በኋላ ሾዴ እንድታስረዳው ቀጠሮ ያዘች። ስለ ደሳለች ሁለት ገጽ ያነሣ ሰው አልነበረም።

በእረፍቱ ሸጎሌ ያለችው አክስታቸው ወለደችና ሾዴ አራሷን እንድታግዝ ተላከች። ስትሄድ፣ «ደስዬ፣ በሁለት ቀን አንዴ ብቻ አጠጪልኝ» ብላ አንገቷን አቅፋ ሳመቻት።

«ለዛሬ ብቻ» የተባለው ነገ ሆነ፤ ከነገ ወዲያም ሆነ። ደሳለች በየቀኑ እየሄደች ሌላውን ታጠጣለች፤ እንሰቶቹን ታልፋቸዋለች። በአሥረኛው ቀን ቅጠሎቹ ቢጫ ሆነው ተዝለፍልፈው ስታይ ደነገጠች። ሁለት ባልዲ ውኃ አፈሰሰችባቸው። አልተነሡም።

ትምህርት በተከፈተ ቀን መምህርት ምሥራቅ ችግኞቹን አየች። በሽታው እንዴት እንደሚያጠወልግ ከራሷ ከሾዴ ሰምታለችና ወደ ሌላ እንዳይዛመት ዘበኛው ነቅሎ እንዲያቃጥላቸው አደረገች፤ ቀጠሮውንም ሰረዘች። ሾዴ በማግስቱ ከሸጎሌ ስትመለስ የቀረው አመድ ብቻ ነበር። ግንዱ ሲቆረጥ ቢጫ ፈሳሽ ከወጣው በሽታው ነው፤ አሁን ግን የሚቆረጥ ነገር የለም።

«አጠጥተሻቸው ነበር አይደል?» አለቻት ሾዴ።

«አዎ።»

ሾዴ አመነቻት። ያመነቻት ወዲያው ነበር፤ ምንም አልጠረጠረችም። «እንግዲያ የአባቴ ዘር በሽታውን አይችልም ማለት ነው» አለችና እዚያው አፈሩ ላይ ቁጭ አለች።

ከሰዓት በኋላ ቤት ገብተው ሾዴ ለአቶ ጌጡ በጋሞኛ ስትነግረው የመወርወሪያው ድምፅ ቆመ። ደሳለች ከሚሉት ሁሉ የለየችው የአጎቷን ስም ብቻ ነው። ምን እንደሆነ ስትጠይቅ አባቷ በአማርኛ ነገራት። አድነው ሁለት መቶ ችግኝ አድርሷል፤ እሑድ ከጸሎት በኋላ እንሰታቸው ላለቀባቸው ጎረቤቶች ሊያድል ነው። ዘሩ የሚታመም መሆኑን ከሰማ ግን ሁሉንም ያቃጥላል።

«በሰው ማሳ ላይ በሽታ የሚዘራ ሰው አይደለም» አለ አባቷ። «እንሰት ደግሞ እንደ በቆሎ አይደለም፤ ተክለሽ ስድስት ሰባት ዓመት ትጠብቂዋለሽ። አሁን ካቃጠለ፣ እንደገና ከዜሮ ነው።»

ስልኩን አወጣ። የመጀመሪያው አልገባም። እንደገና ሞከረ፤ ጠራ።

ደሳለች ዝም ብትል ነገሩ እዚሁ ያልቅ ነበር። ክበቡም የእሷ፣ ምናልባት አባቷም የእሷ ይሆናል። ሾዴ ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ የነጠላዋን ጫፍ ነክሳለች።

«አባዬ፣ እንዳትነግረው።»

አባቷ ቀና አለ። ስልኩ ውስጥ የአጎቷ ድምፅ ይጣራል።

«በሽታ አይደለም። አላጠጣኋቸውም።»

«ረስተሽ?»

አባቷ መውጫ በር እየከፈተላት ነበር። «አዎ» ብትል ያልፍላታል።

«አልረሳሁም» አለች።

ሾዴ አንዲት አጭር ነገር በጋሞኛ ተናግራ ወጣች። አባቷ አልተረጎመላትም። ስልኩን ዘረጋላት። «አማርኛ ይሰማል። አንቺው ንገሪው።»

ነገረችው። ከመጀመሪያው ቀን ጀምራ ነገረችው። አጎቷ ፀሐዩ ምን ያህል ያገኛቸው እንደነበር፣ ቅጠሉ በስንተኛው ቀን መዝለፍለፍ እንደጀመረ ጠየቃት፤ መለሰች። «በይ እንግዲያ አላቃጥልም» አለ። አልቆጣትም። ቢቆጣት ይቀላት ነበር።

ማታ እራት ላይ ሾዴ ፊቷን ወደ አቶ ጌጡ አዙራ በጋሞኛ ስታወራ ቆየች። ደሳለች ቅናቱ አሁንም እንደ ቃር ሲያቃጥላት ተሰማት፤ ተናግራለች ተብሎ የሚለቅ ነገር አልነበረም።

በማግስቱ ሾዴ ሳትጠብቃት ቀድማ ወጣች። ደሳለች ቁልቁለቱን ከኋላዋ ርቃ ተከተለቻት። ሾዴ የትምህርት ቤቱን በር አልፋ ወደ ክፍል ገባች። ደወሉ ገና አልተደወለም፤ መምህርት ምሥራቅ ቢሮዋ ውስጥ ደብተር ታርማለች። ይህን የሰማች ቀን ሊቀመንበርነቱ እንደሚያበቃ ደሳለች ታውቃለች።

አንኳኳች።