ስልኩ ብቻ ያየው ቀይ ማልያ

ፎቶ አንሺው ዘርትሁን ከሮቢ ወንዝ ገደል ሥር በደረቱ ተደፍቶ ሲገኝ፣ ካሜራው ከላይ በሦስት እግሩ እንደተተከለ ነበር። ጌታው ወድቆ እሱ ቆሞ አደረ። ኢንስፔክተር ዓለምፀሐይ ሬሳው ከተነሳም በኋላ ዓይኗን ከካሜራው መንቀል አቃታት፤ ሌንሱ ማዶውን እያየ የሚጠብቀው ሰው ያለ ይመስላል። የሸዋ ሮቢት ፀሐይ አናት እየበሳ እሷን ብርድ ብርድ አላት።

ገና ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ የሟች የስቱዲዮ ሸሪክ ደረጄ ጣቢያ ቀርቦ ቃሉን ሰጠ።

«ትናንት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ገደማ ድልድዩ ላይ ነበርኩ፣ ኢንስፔክተር። የገፈተረው ወርቁ ነው። በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ።»

«ከዚያ ርቀት በምን ለየኸው?»

«በቀይ ማልያው ነዋ!»

ወርቁ ከወንዙ ማዶ የማሾ ማሳ የሚጠብቅ ጎልማሳ ነው። ባለፈው ሳምንት «ሳላውቅ አንስተህ ፌስቡክ ላይ ለጠፍከኝ» ብሎ ዘርትሁንን ገበያ መሐል አንቆት ነበር። አሁን ተይዞ ሲጠየቅ ግን መሬት መሬት ያያል እንጂ ትንፍሽ አይልም። እናቱ እትዬ ጌጤ የጣቢያውን በር ሙጭጭ ብለው ያዙ።

«ልጄ፣ የሟች ወንድሞች ደም ሊመልሱ እየዛቱ ነው። ነገ ፍርድ ቤት ስታወጡት መንገድ ላይ ያስቀሩብኛል። እባክሽ ዛሬውኑ እውነቱን አውጪልኝ።»

«እሱ ራሱ ለምን አይናገርም፣ እትዬ?»

«እኔስ መች አወቅሁት! ከትናንት ማታ ጀምሮ እህል አልቀመሰም።»

ከሟች ኪስ የወጣው ስልክ እስከ አምስት ሰዓት ድረስ እንደተቆለፈ ነበር። በኢንስፔክተሯ ፊት የከፈተችው ሚስቱ ፍሬሕይወት ናት። የመጨረሻው ፎቶ ብቅ ሲል ሴትዮዋ ጮኸች። ወንዙ ቀን መስሎ ወለል ብሏል። ማዶ ወርቁ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል፤ ማልያው እንደ በርበሬ ቀልቷል። በወዲህኛው ዳር ደግሞ ነጭ የለበሰ ነገር አለ። ፊት የለውም፣ እግርም የለውም፤ ከኋላው ያለው ግራር በሰውነቱ ውስጥ አልፎ ይታያል።

«የወንዙ መንፈስ ነው!» አለች ፍሬሕይወት እያማተበች። «ባሌን የወንዙ ወሰደብኝ!»

ዓለምፀሐይም ብትሆን ገላዋን ወረራት። መርማሪ አይፈራም የሚል ሰው ዋሾ ነው። ቢሆንም ካሜራው በዚያው ደቂቃ ያነሳውን አስከፈተች፤ ከላይ ቀጭን የሰማይ ጭላንጭል፣ ከታች ድፍን ጥቁር።

«አንዱን ቦታ ለምን በሁለቱም ያነሳዋል?»

«ወር ሙሉ ሲያወዳድራቸው ነበር። ካሜራውን ዓይን በሚያየው ልክ ያስተካክልና ስልኩን ከጎኑ ይይዛል። ‹ስልኩ ሲጨልም ደጋግሞ አንስቶ አንድ ላይ ያዋህደዋል፤ ዓይን ያላየውን ይጨምራል› ይለኝ ነበር።»

«እያነሳ ሳለ ሰው ቢንቀሳቀስስ?»

ፍሬሕይወት አፏን በእጇ ያዘች። «እንደ ጭስ ይሆናል።»

ያን ዕለት ምሽት አንድ ሰዓት ላይ ኢንስፔክተሯ ፍሬሕይወትን፣ ደረጄን፣ እትዬ ጌጤን፣ በካቴና የታሰረውን ወርቁንና የሟችን ወንድሞች ድልድዩ ላይ ሰበሰበች። ማዶ፣ ያው ድንጋይ ላይ፣ አንድ ፖሊስ ተቀምጧል።

«ደረጄ፣ የለበሰው ምን ዓይነት ቀለም ነው?»

ደረጄ ዓይኑን አጠበበ። «ጥቁር... ጥቁር መሰለኝ።»

«አብራ!» ብላ ተጣራች። ፖሊሱ ባትሪውን ደረቱ ላይ ሲያበራ ማልያው ቀልቶ ወጣ። የወርቁ ማልያ ነበር።

«ሲመሽ ቀይ ለዓይን ይጠቁራል» አለች ዓለምፀሐይ። «ትናንት ካሜራውም አላየውም፤ ስልኩ ብቻ ነው ያየው። አንተ ቀይ ያልከኝ በሦስት ሰዓት፣ ስልኩ የተከፈተው በአምስት። ፎቶውን ከዚያ በፊት የት አየኸው?»

«ወርቁ ሁልጊዜ ቀይ ነው የሚለብሰው! ለምጄው ነው!»

«ውሸት!» አሉ እትዬ ጌጤ። «ትናንት ከገበያ ገዝቼ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ማሳው ድረስ የወሰድኩለት ነው!»

«ያ ነጩ ነገርስ?» አለ የሟች ታላቅ ወንድም በፍርሃት።

«ነጠላ ለብሶ ወደ ወንድምህ እየሄደ የነበረ ሰው ነው። ዘርትሁን ስልኩን ኪሱ ከመክተቱ በፊት ፎቶውን ያሳየው አጠገቡ ለቆመ ሰው ነው። አይደለም እንዴ፣ ደረጄ?»

ደረጄ የድልድዩን ብረት ጨበጠ።

«አዲስ አበባ ያሸለመኝ የአጣዬ ቃጠሎ ፎቶ የእሱ ነው። ላጋልጥህ ነው አለኝ። እግሩ ላይ ወድቄ ለመንኩት። ስልኩን ዓይኔ ሥር ደቅኖ ሳቀብኝ፤ ‹እየው፣ በሰው ፎቶ የምትኖር መንፈስ ነህ፣ እግር እንኳ የለህም› አለኝ። ዞር ሲል ገፋሁት።»

ካቴናው ከወርቁ እጅ ወጥቶ ደረጄ እጅ ገባ። የሟች ወንድሞች አንገታቸውን ደፉ። እትዬ ጌጤ እልል ሊሉ ቃጥቷቸው ሐዘንተኛዋን አይተው ተዉት። ወርቁ ግን ከቆመበት አልተነቃነቀም።

«ነጻ ነህ እኮ፣ ሂድ እንጂ» አለችው ዓለምፀሐይ።

«ጠርቶኝ ነበር» አለ ወርቁ። ከታሰረ ወዲህ የተናገረው የመጀመሪያ ቃል ነው። «ከወደቀ በኋላ። ‹ወርቁ! ድረስልኝ!› ይላል ከገደሉ ሥር። እኛ ዘንድ ደግሞ ወንዝ ዳር በምሽት ስምህ ሲጠራ የሚጠራህ የወንዙ ነው፤ አቤት አይባልም። ጆሮዬን ይዤ ተቀመጥኩ።»

እትዬ ጌጤ ፊታቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። ያንን ከልጅነቱ ጀምሮ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው።

ፍሬሕይወት ቀስ ብላ ቀረበችው።

«እስከ ስንት ሰዓት ሲጠራህ ነበር?»

«እስከ ምሽቱ ሦስት ሰዓት» አላት።

ሴትዮዋ ድልድዩ ላይ ቁጭ አለች።