ሦስት ዲግሪ

አሸዋው አሥራ አንድ ቀን ሙሉ ንቅንቅ አላለም።

ተመራማሪዋ በየጠዋቱ የመስታወት ሣጥኑ ፊት ተንበርክካ በማስመሪያ ትለካለች፤ ደብተሯ ላይ «ዜሮ» ብላ ትጽፋለች። በሣጥኑ ውስጥ፣ ማር በመሰለ ወፍራም ሙጫ ላይ፣ ነጭና ሰማያዊ አሸዋ ተደራርቧል። ወንዝ ለዘመናት ተሸክሞ ጥልቅ ባሕር አፋፍ ላይ ለከመረው ደለል ምሳሌ ነው። ክምሩ በገዛ ክብደቱ፣ ከሥሩ ባለው ለስላሳ ንብርብር ላይ ወደ ጥልቁ መንሸራተት አለበት። ያኔ ላይኛው ጫፉ ይሰነጠቃል፣ ታችኛው ይጨማደዳል። ሁለቱ አንድ እንቅስቃሴ ናቸው ብላ ሁለት ዓመት ተከራክራለች። ማስረጃዋ ይህ ሣጥን ብቻ ነው።

«ዓርብ መጥቼ አያለሁ። ካልተንቀሳቀሰ ክፍሉን ለሌላ እሰጠዋለሁ» ብለዋታል ኃላፊዋ። ዛሬ ማክሰኞ ነው።

በሩ ተንኳኳ። ሣጥኑንና ሣጥኑ የተቀመጠበትን ጠረጴዛ የሠራላት አናጢ ነው። ሥራውን ካስረከበ ወዲህ ለመምጣት ምክንያት አጥቶ አያውቅም፤ አንድ ቀን የበሩ ማጠፊያ፣ አንድ ቀን መሳቢያው።

«ዛሬስ ምን ሊጠግኑ መጡ?»

«ወንበሩ ሲጢጥ ይላል ብለውኝ ነበር።»

«እኔ? መቼ?»

«አላሉኝም። ግን ይላል።»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሐል ላይ ተሰበረ።

«አሸዋው እምቢ አለኝ» አለች ፊቷን አዙራ። «ሐሳቤ ስሕተት ሳይሆን አይቀርም።»

አናጢው የሚያጽናናበት ቃል ፈለገ። «አይዞዎት። እኔም እንኳ የምችለውን አግዣለሁ። አሸዋውን በጨረሱ ማግሥት፣ ጠዋት ሳይገቡ፣ ጠረጴዛው ተንጋዶ አየሁት። ከኋላ እግሮቹ ሥር ሽብልቅ ገብቷል። አውጥቼ በውሃ ልክ አስተካከልኩት። የእጄ ሥራ ተንጋዶ እንዲታይ አልወድም።»

ተመራማሪዋ ቀስ ብላ ተነሣች።

«አንተ!» ጮኸች። «አንተ ሰውዬ! ሽብልቁን እኔ ነኝ የከተትኩት! ተዳፋቴን ነው እኮ ያወጣኸው! ሦስት ዲግሪዬን!»

አናጢው ክው አለ። ጥፋቱ ገብቶታል፤ ጆሮው ግን ሌላ ነገር ላይ ቀርቷል።

«አንተ አልሽኝ?»

«አልኩህ! ደግሞም እልሃለሁ!»

«እንግዲያ ስደቢኝ። ይገባኛል።»

ልትሰድበው አፏን ከፈተች። ዓይኗ ደብተሩ ላይ አረፈ። አሸዋውን አሥራ አንድ ጊዜ ለክታለች፤ ጠረጴዛውን አንድ ጊዜ። ሳቅ አሸነፋት፤ እሱም ተከተላት፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ።

አናጢው የመኪና ክሪክ አመጣ። እሱ በርከክ ብሎ የጠረጴዛውን ኋላ በጣም በቀስታ ያነሣል፤ እሷ መለኪያውን ታነብባለች፤ ትከሻቸው ተነካክቷል።

«ሁለት... ሁለት ተኩል... ሦስት! በቃ! እንዳትነካው!»

«ከእንግዲህ ሳልጠይቅሽ ሚስማር አልነካም» አለ ሽብልቁን ቦታው መልሶ።

ረቡዕ አሸዋው አንድ ሚሊሜትር ሄደ። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ሐሙስ ላይኛው ጫፍ ተሰነጠቀ። አናጢው ግን ታችኛውን ያያል።

«እዚህ ደግሞ እንደ አልጋ ልብስ ተጨማደደ! ከላይ የጎደለው ለካ እዚህ ነው ያለው።»

ትክ ብላ አየችው። ሁለት ዓመት የደከመችበትን ነገር በአንድ ትንፋሽ ተናገረው።

«ማጠፊያው ተበላሽቶ ነበር?» አለችው።

«አልነበረም።»

«መሳቢያውስ?»

«እሱም። የወንበሩ ግን እውነቴን ነው።»

«ታዲያ ለምን በቀጥታ አልነገርከኝም?»

«አንቺ ስትለኪ ሰው አታዪም።»

ማስመሪያውን አስቀመጠች። «አሁን እያየሁ ነው» አለችው።

ዓርብ ጠዋት ኃላፊዋ መጡ። መነጽራቸውን አድርገው ከላይ ስንጥቁን፣ ከታች እጥፋቱን ለረጅም ጊዜ መረመሩ።

«ክፍሉ ያንቺ ነው» አሉ ቀና ብለው። «ድንቅ ነው። ማን ሠራው?»

«ሠራነው» አለች።

ኃላፊው እሷን አዩ፤ ክሪኩን እንደ ሕፃን ያቀፈውን አናጢ አዩ። «ገባኝ» አሉና ወጡ።

ሁለቱ ለመተቃቀፍ በሩ እስኪዘጋ እንኳ አልጠበቁም።