አልወርድ ያለው የልብ ምት

የእግር ኳስ ክለቡ የአካል ብቃት ፈታኝ ወጣት ሴት ናት። አዳዲስ ተጫዋቾችን ታስሮጣለች፣ ታዘልላለች፣ በኮኖች መካከል ኳስ ታስነዳለች። በመጨረሻ ታሳርፋቸውና የእጃቸውን አንጓ ይዛ የልብ ምታቸውን ትቆጥራለች። ካረፈ በኋላም ምቱ ያልወረደለት ተጫዋች አይፈርምም።

ጓደኞቹ «ንፋሱ» የሚሉት የመስመር ተጫዋች ያን ቀን ሁሉንም አስከነዳቸው። ኳሷ እግሩ ላይ የተሰፋች ትመስል ነበር። ዘሎ በወረደ ቁጥር ፈታኟን ፈገግ ብሎ ያያታል፤ እሷም ቶሎ ብላ ሰዓቷን ታያለች።

አርፎ ሲመጣ አንጓውን ያዘችው። ልቡ ይጋልባል።

«ትንሽ ተቀመጥና ተመለስ።»

ተመለሰ። ጭራሽ ባሰበት።

«ምን ሆኜ ነው እህቴ? እናቴ ብትሰማ በድንጋጤ ትሞትብኛለች!»

«ዝም ብለህ ተንፍስ» አለችው።

ቁጥሩን ቀንሳ ብትጽፍለት ማን ያውቅባታል? ግን ልቡ የእውነት ታሞ ሜዳ ላይ ቢወድቅስ? ይህ ልጅ ተመልሶ እንዳይሄድባት ፈርታለች፤ እንዳይሞትባት ደግሞ ይበልጥ ፈርታለች። ወደ ሽማግሌው አሰልጣኝ ሮጠች።

«ጋሼ፣ የንፋሱ የልብ ምት አልወርድ ብሏል። እባክዎ፣ እርስዎም ይቁጠሩለት።»

አሰልጣኙ ልጁን ጥላ ስር አስቀምጠው ቆጠሩ። ደግመው ቆጠሩ።

«ይሄ እኮ የተኛ ሰው ልብ ነው! እስቲ አንቺ ያዢው።»

ያዘችው። አሰልጣኙ ጣታቸውን የልጁ አንገት ላይ እንዳሳረፉ ሳቅ አፈናቸው።

«ጉድ እኮ ነው! ልጄ፣ በሽታው አንቺ ነሽ! አንተም ነገ መጥተህ ፈርም። ፈታኝ ግን እቀይርልሃለሁ።»

«ኧረ ጋሼ፣ እንዳይቀይሩብኝ!» አለ ንፋሱ ብድግ ብሎ። ወዲያው ያለውን ሰምቶ አቀረቀረ።

አሰልጣኙ ሆዳቸውን ይዘው እየሳቁ ሄዱ።

«አለፍኩ አይደል?» አለ ንፋሱ።

«አልፈሃል።»

«ታዲያ እጄን ለምን አልለቀቅሽም?»

«እየቆጠርኩ ነዋ።»

«ስንት ደረሰ?»

ቀና ብላ አየችው። ዓይኗን ለመጀመሪያ ጊዜ አልሰበረችም።

«ጠፋብኝ» አለችው፤ «ከመጀመሪያው ልጀምር።»