«ዝም አይነቅዝም» ያሉኝ ሰዎች

አባቴ አቶ ስጦታው «ዝም አይነቅዝም» ማለት ይወዳል። እኔ ደግሞ «ባለመናገር ደጃዝማችነት ይቀራል» እለዋለሁ። ሃያ ስድስት ዓመት እንዲህ ስንከራከር ኖረናል፤ ክርክር ከተባለ ነው እንጂ የምናገረውስ እኔ ብቻ ነኝ። ፈጣሪም ይህን ለፍላፊነቴን አይቶ መሰለኝ ይታገስን የላከብኝ።

ቢቸና መድኃኒት ቤት ውስጥ ነው የምሠራው። አንድ የገበያ ቀን አንድ ረጅም ልጅ ገብቶ የሐኪም ወረቀት ባንኮኒው ላይ አስቀመጠና ቆመ። የደም ግፊት መድኃኒት ነው። ለማን እንደሆነ ስጠይቀው «ሞጣ ላለው አባቴ» አለ፤ ከዚያ ወዲያ ቃል የለም። አወሳሰዱን አስረዳሁት፣ ጨው እንዲቀንሱ መከርኩት፣ አልበቃኝ ብሎ ስለ ሞጣ መንገድ አቧራም አወራሁለት። እሱ ዓይን ዓይኔን እያየ ይሰማኛል። ወሬዬን እንዲያ አድርጎ የሰማኝ ሰው አልነበረም።

ለወሩ ይመለሳል ስል በሳምንቱ መጣ። ራሴን አመመኝ አለ። በሌላው ሳምንት ጉንፋን ያዘኝ አለ። ለወረዳው መሬት የሚለካ ባለሙያ መሆኑን ያወቅሁትም በሦስተኛው በሽታው ላይ ነው።

በአራተኛው «ስማ፣ ይህን ሁሉ ኪኒን ትውጠዋለህ?» አልኩት።

«አልውጠውም» አለ። «አስቀምጠዋለሁ።»

ጆሮው ቀላ። ወደድኩት፤ ምን ይደበቃል።

ዓመት ከመንፈቅ አብረን ከቆየን በኋላ ሽማግሌ ላከ። የመጀመሪያው ቀጠሮ በደህና አለፈ። በሁለተኛው አባቱ ጋሽ ባየም ከሽማግሌዎቹ ጋር ከሞጣ መጥተው ዘር ሊቆጠር ተቀመጡ። በእኛ አገር እስከ ሰባት ቤት ተቆጥሮ ዝምድና አለመኖሩ ካልታወቀ ጋብቻ የለም። እኔ ጓዳ ሆኜ በበሩ ክፍተት አያለሁ።

ጋሽ ባየ የአባታቸውን የአቶ ስማቸውን ስም ጠሩ፣ ቀጥለው የአያታቸውን፤ ከዚያ ግራዝማች ወልደ ኪዳን ላይ ደረሱ። አጎቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ግራዝማች ወልደ ኪዳን የእኛም ናቸው። ለይታገስ አራት ቤት፣ ለእኔ አምስት ቤት ሆነ። አንደኛው ሽማግሌ «እንግዲህ ልጆቹ እህትና ወንድም ናቸው» አሉና ጋቢያቸውን አስተካከሉ። ጋሽ ባየ ጉልበታቸውን እያሻሹ መሬት መሬት አዩ። አባቴም እንደ ልማዱ ዝም አለ። በቃ፣ አለቀ ተባለ።

በማግስቱ ይታገስን በመናኸሪያው በኩል አገኘሁትና እዬዬ አልኩበት። ብዙ ካስለቀሰኝ በኋላ፣ ላንቺ ብቻ ብሎ ነገረኝ። ለካ አቶ ስማቸው የጋሽ ባየ ወላጅ አባት አይደሉም፤ አሳዳጊ ናቸው። ሴት አያቱ አቶ ስማቸውን ያገቡት ጋሽ ባየን ታቅፈው ነው። ይህንንም ሊሞቱ ሲሉ ለልጅ ልጃቸው ብቻ ተናግረዋል። ጋሽ ባየ ልጃቸው እንደሚያውቅ አያውቁም።

«ታዲያ እኔና አንተን የሚያገናኝ ዘር የለማ! ለምን አትናገርም?»

«አባቴን በሽማግሌ ፊት አባት የለሽ ላስብለው? ዘር በሚቆጠርበት አገር?»

«እኔስ?»

ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር፤ እኔ ግን በዚያ ሰዓት የማንንም እንባ የማይበት ዓይን አልነበረኝም። «ብልህ የሆንክ ይመስልሃል አይደል? ፈሪ ነህ» ብዬው ሄድኩ። ቤት ሳልደርስ ቆጨኝ።

ሁለት ሳምንት አለቀስኩ። በሦስተኛው ለማንም ሳልነግር ሞጣ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጣሁ። ልጁ ካልተናገረ እኔ እናገረዋለሁ ብዬ መንገዱን ሙሉ የምለውን ሳዘጋጅ ሄድኩ።

ጋሽ ባየ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ የስፌት መኪናቸውን ጨርቅ ሻጯ ሀሲና ሱቅ በረንዳ ላይ ነው የሚያስቀምጡት። ሲያዩኝ ብድግ ብለው በርጩማ አቀረቡልኝ። «ደህና መጣሽ ልጄ?» አሉኝ እንጂ ምን አመጣሽ አላሉኝም። ከዚያ ክሩን መርፌው ውስጥ ሊያስገቡ ሞከሩ፤ ክሩ እምቢ አላቸው። ከስተዋል። ክሩን ተቀብዬ አስገባሁላቸው።

ያ ሁሉ ያዘጋጀሁት ንግግር የት እንደገባ እንጃ። እኚህን ሰው እንዲህ ነዎት ብዬ እንዴት ልንገራቸው? ዝም ብዬ ተቀመጥኩ። የአንድ ሸሚዝ ኮሌታ ሰፍተው ጨረሱ። ሀሲና ሻይ አምጥታ፣ ሁለታችንንም አይታ ተመለሰች።

ጋሽ ባየ መኪናውን አቆሙ።

«ይታገስ ዝም አታውቅም ይለኝ ነበር» አሉ። «ነገረሽ ማለት ነው። ለካ እሱም ያውቃል?»

አንገቴን ደፋሁ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አያቱ ከሞቱ ጀምሮ፣ ጋሼ። ስምንት ዓመት።»

«ስምንት ዓመት» አሉ። «ስምንት ዓመት ሙሉ እያወቀ ነው መድኃኒቴን የሚያመጣልኝ? እኔ እኮ ቢያውቅ የሚንቀኝ መስሎኝ ነው የደበቅሁት።» በሸሚዙ ቁራጭ ጨርቅ ዓይናቸውን ጠረጉ።

በዚያው ቅዳሜ እነዚያኑ ሽማግሌዎች ይዘው ቤታችን መጡ። ወጉ ባይሆንም ይታገስን አስከትለውታል። ጋሽ ባየ አልቀመጥም ብለው ቆመው ተናገሩ።

«ስማቸው አሳደገኝ እንጂ አልወለደኝም። የወለደኝ መንገድ ሊሠራ መጥቶ የሄደ የወሎ ሰው ነው። ስማቸው ግን እስኪሞት ልጄ ነው ያለኝ። እኔን እንዳላችሁ በሉኝ፤ ልጆቹን አትለያዩብኝ።»

አባቴ ተነስቶ እጃቸውን ይዞ የራሱ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው።

«ባየ፣ ይህን እኔ ሞጣ ስመላለስ ድሮ ሰምቼዋለሁ» አለ። «አንተ ያልተናገርከውን እኔ ብናገር ቤቴ የመጣ እንግዳ ማዋረድ ይሆንብኛል ብዬ ነው።»

ወጉም አልገታኝም፤ ከጓዳ ወጣሁ። «አባዬ፣ ሦስት ሳምንት ሳለቅስ እያየኸኝ?»

አባቴ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ «አጥፍቻለሁ ልጄ» አለ። ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፈኑ፤ ሠርጉም ለጥር ተቆረጠ።

ይታገስን አጥሩ በር ላይ ለብቻው አገኘሁት። ፈሪ ስላልኩት ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ራሱን ነቀነቀ። ቀጥዬም ወረድኩበት፤ ሦስታችሁም እያወቃችሁ እኔን ልትገድሉኝ ነበር አልኩት። እስክጨርስ ሰማኝ።

«ሰገነት» አለ፣ «እወድሻለሁ። ታውቂዋለሽ ብዬ ነው እስከ ዛሬ ሳልነግርሽ የቀረሁት።»

«አላውቅም» አልኩት። «ድገመው።»

ደገመው።