ድንቅቱ በ«ድ» ሥር

«ገልብጪው» አሉ ኦቦ ሌንጂሳ፣ ጣታቸውን የኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ አሳርፈው። «የአባት ስም ይቅደም። የውጭ መጻሕፍት እንዲህ ነው የሚሠሩት። እኔ ያዘጋጀሁት መጽሐፍ የዕድር መዝገብ እንዲመስል አልፈልግም።»

ሴና ስክሪኑ ላይ የተደረደሩትን ስሞች አየች። አምቦ የሚገኘው ትምህርት ቤታቸው ለምሥረታ በዓሉ የሚያሳትመው መጽሐፍ ሰኞ ማተሚያ ቤት ይገባል። ኦቦ ሌንጂሳ የእንግሊዝኛ መምህሯ፣ የመጽሐፉም አዘጋጅ ናቸው። በመጨረሻዎቹ ገጾች ላይ ያለው የስም መጠቁም፣ ማን በየትኛው ገጽ እንደሚገኝ የሚያሳየው ክፍል ግን የእሷ ሥራ ነው። ከትምህርት በኋላ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ እየተቀመጠች፣ ዎርድ በሚባለው የጽሑፍ ፕሮግራም እያንዳንዱን ስም እየመረጠች ስውር ምልክት ስታስርበት ከርማለች። ምልክቱ በወረቀት ላይ አይታይም፤ ኮምፒውተሩ ግን እሱን ተከትሎ ስሞቹን በፊደል ተራ ይደረድራል፣ ገጻቸውንም ይጽፋል።

«ስብሰባዬን ጨርሼ ስመጣ ጀምረሽ ላግኝሽ» ብለው ወጡ።

አጠገቧ የተቀመጠችው ጓደኛዋ ጃለኔ ወንበሯን አስጠጋች። «ገልብጪውና ላሽ በይ አቦ! መጠቁም የሚያነብ ማን አለ? ሰው የራሱን ፎቶ ፈልጎ ነው የሚዘጋው።»

«እናቴ ታነባለች።»

«እሷም ፎቶዋን ነው የምትፈልገው።»

«ፎቶ የላትም። ያላት ስሟ ነው።»

ጃለኔ ወደ ስክሪኑ ዞረች።

ሴና የእናቷን ስም ፈልጋ ምልክቱን ቀየረችና መጠቁሙን አደሰችው። ድንቅቱ ከ«ድ» ሥር ጠፋች። ወደ ታች ወርዳ ስትፈልጋት «ፉፋ፣ ድንቅቱ» ተብላ አገኘቻት።

ፉፋ የእናቷ አባት ነበሩ። ድንቅቱ ስምንተኛ ክፍል ስትደርስ «ለሴት ልጅ ይበቃል» ብለው ደብተሮቿን ያቃጠሉባት እሳቸው ነበሩ። ድንቅቱ ከአባቷ ቤት ከካቺሲ በጭነት መኪና አምቦ ገብታ፣ አክስቷ ቤት ተጠግታ፣ እዚሁ ትምህርት ቤት ራሷን በራሷ አስመዘገበች። ገጽ አርባ አንድ የሚተርከው ይህንኑ ነው። ዛሬ ጤና ጣቢያ የምትሠራው ድንቅቱ፣ መጽሐፉ ሲወጣ መጀመሪያ የምትገልጠው «ድ»ን እንደሆነ ለሰፈሩ ሁሉ ተናግራለች።

ሴና ምልክቱን እንደነበረ መለሰችው።

ኦቦ ሌንጂሳ ሲመለሱ እጆቿን ጭኗ ላይ አድርጋ ጠበቀቻቸው።

«የት ደረስሽ?»

«አልጀመርኩም፣ ቲቸር። አልገለብጠውም።»

«ምን አልሽ?»

«ሰው እርስዎን ማን ብሎ ነው የሚጠራዎት?»

«ኦቦ ሌንጂሳ ነዋ! ይሄ ደግሞ ምን ጥያቄ ነው?»

«መጽሐፉ ውስጥስ ማን ብሎ ይፈልግዎት? ተድላ ብሎ? አባትዎን ተማሪዎቹ አያውቋቸውም።»

ጃለኔ ሳቋን ለመደበቅ አፏን ያዘች። ኦቦ ሌንጂሳ ግን አልሳቁም።

«ሥራውን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ፤ የምነጥቅሽም እኔ ነኝ። የክፍል ጓደኛሽ ሚልኬሳ ቅዳሜና እሁድ ቁጭ ብሎ ይሠራዋል። ከምስጋናው ገጽ ላይ ያንቺ ስም ይወጣና የእሱ ይገባል። አስቢበት።»

ሴና አሰበችበት። ምስጋናው ገጽ ላይ «መጠቁሙን ያዘጋጀችው ሴና ገቢሳ» የሚል መስመር ነበር። ጃለኔ እየሳቀችባት፣ ለገዛ ስሟም ምልክት አስራበታለች። ስሟ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕትመት የሚወጣው በዚህ መስመር ነበር።

ገጹን ከፈተች። መስመሩን ከነምልክቱ መረጠችና አጠፋችው። ከዚያም መጠቁሙን አደሰች። ከ«ሴ» ሥር አንድ ስም ጎደለ፤ የታችኞቹ ክፍተቱን ለመድፈን አንድ አንድ መስመር ወደ ላይ ተጠጉ።

«ሴና!» አለች ጃለኔ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሴና ስክሪኑን ወደ መምህሯ አዞረችው።

«የእኔን አውጥቼዋለሁ፣ ቲቸር። ሚልኬሳን እንዲገለብጥ ሊያዝዙት ይችላሉ፤ የእናቴን ስም ከዚህ የሚያነሳው ከሆነ ግን እርስዎ ይንገሯት።»

ኦቦ ሌንጂሳ መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። የሴና ጣት ያረፈው «ድ» ላይ ነበር። አላነሳችውም።